ድንጋይ ተሸክመን ወደ ኦክላንድ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሳን ሆዜ

ቅዳሜ ጠዋት ከሳን ሆዜ የተነሣነው ሁለት ነን፤ እኔና ጋሽ ተሰማ። በመኪና ቢሆን አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። የእኔዋ መኪና ግን ትራንስሚሽኗ ሄዶ ጋራዥ ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነው፤ ስለዚህ በአውቶቡስና በባቡር ሄድን። የጉዟችን ዓላማ ኦክላንድ ውስጥ በአንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ከመጽሐፏ የምታነብ ደራሲን ማየት ነው። የፋብሪካ ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ ሳቁብኝ። አልፈርድባቸውም። ሚልፒታስ ውስጥ የኮምፒውተር ቦርድ ስንበይድ የምንውል ሴቶች ኦፍ የሆንንበትን ቅዳሜ የምናውቀው በእንቅልፍ ነው።

ጋሽ ተሰማ ከእኔ አፓርትመንት በላይ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው። ቀጥ ብለው ይራመዳሉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ፣ ትንሽ ይናገራሉ። አገር ቤት የመንግሥት የእህል መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። እዚህ የአማርኛ ቸርቻችን አባል ነበሩ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ግን ድንገት መምጣት ተዉ። እኔ የመዝሙሩ ኪቦርድ ጩኸት አስመርሯቸው ነው ብዬ አስብ ነበር፤ «ጆሮዎን ጥጥ ደፍነው ይምጡ እንጂ» እያልኩ ስቀልድባቸው ፈገግ ብለው ያልፉኛል።

መጽሐፉን ያገኙት ከቤተ መጻሕፍት ቅናሽ ሽያጭ ላይ በሃምሳ ሳንቲም ነው። እንግሊዝኛ እለማመድበታለሁ ብለው ገዙት። አራት ወር ፈጀባቸው። የማያውቁትን ቃል በደብተር እየጻፉ፣ መዝገበ ቃላት ያልፈታላቸውን ይዘው ማታ ማታ በሬን ያንኳኳሉ። «ሮማን፣ ይቺን ብቻ» ይሉኛል፤ ይቺ ብቻ ሁልጊዜ አሥራ አምስት ናት። መጀመሪያ ሰለቸኝ። በኋላ ግን ታሪኩ ያዘኝና እሳቸው የደረሱበትን ገጽ ቀድሜ ለመጨረስ መጽሐፉን መስረቅ ጀመርኩ።

ልብ ወለድ ቢሆንም ከእውነተኛ ታሪክ የተነሣ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ ሚኒሶታ በሚባለው ቀዝቃዛ አገር፣ ዳኮታ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ሰፊውን መሬታቸውን በውል ስም ተነጥቀው በወንዝ ዳር በአንዲት ቀጭን ቦታ ተወስነዋል። በምትኩ ይሰጣችኋል የተባለው ገንዘብና ምግብ ዘገየ። ምግቡ ግን እዚያው ዓይናቸው ሥር፣ በድንጋይ በተሠራ መጋዘን ውስጥ ተከምሯል። ቁልፉ ያለው አሞስ የሚባል ሰው ዘንድ ነው። አሞስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከከተማ ወረቀት እስኪመጣለት ይጠብቃል። ወረቀቱ ሳይመጣ ጦርነቱ መጣ፤ ከሰፋሪውም ከዳኮታውም ብዙ ሰው አለቀ፤ የተረፉት ዳኮታዎች ከአገራቸው ተባረሩ። መጽሐፉ የሚያልቀው አሞስ አርጅቶ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ ነው።

በልጅነቴ ሲኒማ ቤት ያየኋቸው የዚህ አገር ነባር ሰዎች ጮኸው ከመሞት ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። እኛም ሞኞች፣ የምናጨበጭበው ለፈረሰኞቹ ነበር። በዚህ መጽሐፍ ግን አክስትና የእህት ልጅ በብረት ድስት ይጣላሉ፣ አማት ምራቷን ታማለች፣ አንድ ሽማግሌ በራሱ ቀልድ ይስቃል። እነሱ ሲራቡ የተራቡት የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ለዚህ ነው ይቺን ከክልሏ ውጭ ብዙ ሰው የማያውቃትን ደራሲ ያደነቅኳት።

ደራሲዋ ክረምቱን ሳን ፓብሎ ከምትኖር ልጇ ጋር ልታሳልፍ መምጣቷንና ኦክላንድ እንደምታነብ የነገረን ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ጋሽ ተሰማ ወረቀቱን ካዩ ጀምሮ እንቅልፍ አጡ። አንድ ጥያቄ እንዳላቸው፣ እንግሊዝኛቸው ቢይዛቸው እንዳስተረጉምላቸው ለመኑኝ። ጥያቄውም ይህ ነው፦ አሞስ በመጨረሻ ማንን ይቅርታ ጠየቀ? የአንባቢ ጉጉት መሰለኝ።

ከሳን ሆዜ ፍሪሞንት

አውቶቡሱ ግማሽ ባዶ ነበር። ዝናብ ሰሞኑን ስለጣለ ኮረብታዎቹ አረንጓዴ ሆነዋል፤ እዚህ አገር በጋ ቢጫ ክረምት አረንጓዴ መሆኑን እስካሁን አልለመድኩትም። ጋሽ ተሰማ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሳለ አንድ የሱፐርማርኬት ከረጢት እግራቸው መካከል አጥብቀው ይዘዋል። ምሳ ይዘው ከሆነ እኔ ልያዘው ብዬ እጄን ስዘረጋ ገፋ አደረጉኝ። ሰው እንዲህ ሲያደርገኝ አልወድም፤ ተቀየምኩ።

ሚልፒታስ ስንደርስ ፋብሪካዬን በመስኮት አይቼ ምላሴን አወጣሁበት። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መተላለፊያው መልሰው፣ ከተማው እስኪያልፍ ድረስ ዓይናቸውን አላነሡም። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፍሪሞንት ወረድን። እዚያ የባቡሩ የመጀመሪያ ጣቢያ ነው። ዶላር ማሽኑ ውስጥ አስገብቼ ሁለት የወረቀት ቲኬት ስቆርጥ ከኋላዬ አንድ ነገር ዱብ አለ። የከረጢቱ እጀታ ተበጥሶ የዳቦ ያህል የሚሆን ድንጋይ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሰዎች ዞር ብለው አዩ። ጋሽ ተሰማ ጎንበስ ብለው አነሡትና አቧራውን በሸሚዛቸው ጠረጉት።

ድንጋይ ማጅራት ላይ አድርጎ ይቅርታ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ለእኔም የሚያስረዳኝ አላስፈለገኝም። «ምን ሠሩ?» አልኳቸው።

በባቡር ላይ

ባቡሩ ከፍሪሞንት ሲነሣ ጀምረው ሄይዋርድን እስክናልፍ ተናገሩ። በድርቁ ጊዜ ወሎ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ነበሩ፤ ስሟን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። መጋዘኑ ስንዴ ሞልቶበታል። ከየገጠሩ የመጣው ሕዝብ በግድግዳው ዙሪያ ፈሰሰ። ያለ ወጪ ማዘዣ አንድ ኩንታል ቢወጣ የሚታሰሩት እሳቸው ናቸው፤ ማዘዣውን የሚፈርመው ሰው ደግሞ ለስብሰባ ሄዷል። አሥራ አንድ ቀን ጠበቁ። በአሥራ ሁለተኛው ማዘዣው መጣ፤ ከፈቱ። በአሥራ አንዱ ቀን ግን በየጠዋቱ ከግድግዳው ሥር ሬሳ ይነሣ ነበር።

«ብከፍተው እታሰር ነበር» አሉኝ። «ታስሬ ደግሞ እወጣ ነበር፤ ሮማን። ሰው ይታሰርና ይወጣል።»

ከዚያ ስለ ቸርቹ ነገሩኝ። ዘነቡን ታውቂያለሽ አይደል አሉ። እንዴት አላውቃት፤ ሚልፒታስ የምትኖር፣ ነርሲንግ ሆም የምትሠራ፣ ድምፀ መልካም ዘማሪያችን ናት። ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ ስትመጣ ቆማ ራሷን ስታስተዋውቅ የከተማዋን ስም ጠራች፤ ታናሽ ወንድሟ በመጋዘን ግድግዳ ሥር እንደሞተም ተናገረች። ጋሽ ተሰማ ከዚያ እሑድ በኋላ ያልተመለሱት ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ በኪቦርድ ስቀልድባቸው ነበር። አፈርኩ።

ታዲያ ድንጋዩን ለምን ለደራሲዋ እንደሚወስዱ ጠየቅኳቸው። ሲያስቡት የኖሩትን ነገሩኝ። ይቺ ሴት አሞስን ከውስጡ ታውቀዋለች፣ ሳትረግመው ሳታቆላምጠው ጽፋዋለች፣ ስለዚህ ፍርዱን የምታውቅ ሽማግሌ እሷ ናት። እሷ ይቅር ይበልህ ካለችኝ ይበቃኛል አሉ። እንዲህ ያለ ስሕተት የእኛ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው፤ የሽምግልና ድንጋይ ይዞ መጽሐፍ ደራሲ ዘንድ መሄድ። ልስቅ አልቻልኩም።

አምስት ሰዓት፣ ኦክላንድ

ፍሩትቬል ጣቢያ ወረድን። ከጣቢያው በር ላይ አንዲት ሜክሲኳዊት ከጋሪ ታማሌ ትሸጣለች፤ በበቆሎ ልባስ የተጠቀለለ ትኩስ የበቆሎ ሊጥ ነው፣ ውስጡ ሥጋ አለው። አንዱ በአንድ ዶላር። እኔ ሁለት በላሁ፤ ጋሽ ተሰማ አንዱንም ግማሽ አስተረፉ። ድንጋዩን በእኔ ሹራብ ጠቅልለነው በብብታቸው ይዘውታል። በእግር አሥር ደቂቃ ሄደን ቤተ መጻሕፍቱ ደረስን። ሃያ የሚሆኑ ታጣፊ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ ላይ ሰው አለ።

እስካሁን ደራሲዋን «እሷ» እያልኩ ጽፌያለሁ፤ ካየኋቸው በኋላ ግን አንቱ ካላልኩ አይሆንልኝም። ሚስስ አግነስ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ አጭር፣ በከዘራ የሚሄዱ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ለጥ ያለ ነው፤ ለማስለቀስ አይሞክሩም። ሴቶቹ ባዶ ድስታቸውን ይዘው መጋዘኑ በር ላይ የሚቀመጡበትን ምዕራፍ አነበቡ። አንዷ ድስቷን ታጥብ ነበር። ምንም ያልተቀቀለበትን ድስት በየቀኑ ታጥባለች። ስንት ጊዜ ያነበብኩት ቦታ ነው፤ ከእሳቸው አፍ ስሰማው ግን አዲስ ሆነብኝ።

ሲጨርሱ በፊተኛው ወንበር የተቀመጡ ጠጉራቸውን ወደ ኋላ የጎነጎኑ ትልቅ ሴት እጃቸውን አወጡ። ሚስስ ዶሎረስ ይባላሉ፤ ዳኮታ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ወደ ኦክላንድ መጥተው በነርስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ። መጽሐፉን ወድጄዋለሁ አሉና ሦስት የተሳሳተ ነገር ጽፈው ከያዙት ወረቀት ላይ አነበቡ። ሦስተኛው ትዝ ይለኛል፤ የእኔ አያት እንግዳው ሳይቀምስ ሾርባ አትቀምስም ነበር አሉ። ሚስስ አግነስ አልተከራከሩም። እርሳስ አውጥተው ሦስቱንም በገዛ መጽሐፋቸው ጠርዝ ላይ ጻፉና ልክ ነዎት አሉ። በሙያዬ የማያቸው ኢንጂነሮች ግማሹን ያህል ቢያደርጉት እኛም ባረፍን።

ጋሽ ተሰማ ተነሡ። ላስተረጉም ጠጋ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ለካ በእንግሊዝኛ በቃላቸው አጥንተውታል። ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል እየረገጡ ጠየቁ፦ አሞስ በመጨረሻ ማንን ይቅርታ ጠየቀ?

ሚስስ አግነስ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። አሞስ የቅድመ አያታቸው ወንድም እንደነበረ፣ ቁልፉን ከአንድ መሳቢያ ውስጥ እንዳገኙት ነገሩን። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ይቅርታ ሲጠይቅ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሁልጊዜም ቀደድኩት። የሚጠይቃቸው ሰዎች በሕይወት የሉም ወይ ተባረዋል። እኔ በምትካቸው ይቅር ብል ሌብነት ይሆንብኝ ነበር።»

ጋሽ ተሰማ ሹራቡን ፈቱ። ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አድርገው እዚያው ወንበሮቹ መካከል ጎንበስ አሉ።

ጥበቃው ከበሩ ተንደርድሮ መጣና አስቀምጡት ማለት ጀመረ፤ አንድ ሰው ወንበሩን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ እንግሊዝኛዬ ጠፍቶብኝ፣ በአገራችን እንዲህ ነው ይቅርታ የሚጠየቀው፣ እሳቸውም መጋዘን ጠባቂ ነበሩ፣ ሰው በረሃብ አልቋል እያልኩ ተንተባተብኩ። ሚስስ አግነስ ከዘራቸውን ፈልገው ለመነሣት ሲታገሉ ሚስስ ዶሎረስ ቀድመዋቸው መጡ። ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ከጋሽ ተሰማ ፊት ጋር አስተካከሉ።

«ይህን ከእርስዎ መቀበል የእኔ አይደለም» አሉ። «ከእነዚያ ሰዎች መካከል የተረፈ አለ?»

ጋሽ ተሰማ አንዲት ልጅ አለች አሉ።

«የት?»

«ሚልፒታስ።»

ሚስስ ዶሎረስ ቀና አሉ። «የእኔ ሰዎች እንዲህ ጎንበስ ብሎ የሚመጣ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠብቀው ሞቱ» አሉ። «የእርስዎዋ በባቡር መንገድ ላይ ናት። ሄደው ይንገሯት።» ከዚያ በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ከማጅራታቸው አንሥተው መልሰው አስያዟቸው። ሚስስ አግነስ ደግሞ መጽሐፋችንን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ብዕራቸውን ይዘው ቆዩና ስማቸውን ብቻ ጻፉበት።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሚልፒታስ

በመልሱ ፍሪሞንት ጣቢያ ከሕዝብ ስልክ ለዘነቡ ደውዬ እንግዳ ይዤ እንደምመጣ ብቻ ነገርኳት። «ኦኬ፣ ግን አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሺፍት አለኝ» አለችኝ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቷ ነው። አውቶቡሱ ሚልፒታስ ሲገባ ጋሽ ተሰማ ገመዱን ራሳቸው ሳቡት። ከደረጃው ሲወርዱ ክንዳቸውን ያዝኩ። ድንጋዩን ልያዝልዎ አልኩ። አሁንም እምቢ አሉ፤ በዚህኛው አልተቀየምኩም።

ዘነቡ ምድር ቤት ባለ አንድ ክፍል ነው የምትኖረው። የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ጫማዋን ግን ገና ሳታደርግ በሩን ከፈተች። ጋሽ ተሰማ ከደፉ ሳያልፉ ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አድርገው አጎነበሱ። የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው በልጃቸው ዕድሜ ላለች ሴት። ስማቸውን ተናገሩ፤ የመጋዘኑ ኃላፊ እኔ ነበርኩ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነበር አሉ።

አልጮኸችም። በሩን ይዛ ቆመች። «ጋሽ ተሰማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ውስጡ እህል ነበረ?»

እዚህ ላይ ዘነቡ ያንኑ ዕለት የነገረችኝን ልጻፍ፤ ካልሆነ ጥያቄው አይገባችሁም። እናቷ በግድግዳው ሥር ተቀምጠው ሳለ መጋዘኑ ሙሉ ነው፣ የስንዴው ሽታ በስንጥቁ ይመጣል ይሉ ነበር። ሰዉ ሁሉ ባዶ ነው፣ መንግሥት ባዶ ቤት ነው የሚጠብቀው ብሎ ተስፋ ቆርጧል። ወንድሟ ሲሞት እናቷ ሙሉ ነው እያሉ ግድግዳውን ደበደቡ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የወጣውን እህል ሰዉ ሌሊት በመኪና የገባ ነው አለ፤ ከዚያ ወዲህ እናቷ ረሃብ ራሷን አዞራት ተባሉ። ዘነቡም ራሷ አላመነቻቸውም ነበር። አሁን ደሴ ናቸው፤ ስለዚያ ግድግዳ ሲያነሡ ጎረቤት እርስ በርሱ ይተያያል።

ጋሽ ተሰማ ይህን ሁሉ አያውቁም። ባዶ ነበር ቢሉ የሚቀልላት ሊመስላቸው ይችል ነበር፤ እኔ በልቤ እንዲያ እንዲሉ ተመኝቼ ነበር፤ እውነቴን ነው የምላችሁ። እሳቸው ግን እንዳጎነበሱ «ሙሉ ነበር» አሉ። «እስከ ጣሪያው።»

ዘነቡ አፏን በእጇ ያዘች። እንባዋ በጣቶቿ መካከል ወረደ። «እማዬ ልክ ነበረች» አለች።

ከዚያ ድንጋዩን ከማጅራታቸው አንሥታ በሩ አጠገብ መሬት ላይ አኖረችው። ይቅርታው የእናቷ እንጂ የእሷ እንዳልሆነ፣ አሁን ደሴ ሌሊት ስለሆነ ከሥራ ስትወጣ በስልክ ካርዷ እንደምትደውል ነገረቻቸው። «ነገ ቸርች ይምጡና ያለችውን እነግርዎታለሁ» አለች። ጋሽ ተሰማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ውኃ ሰጠቻቸው፤ ቆመው ጠጡ።

ሳን ሆዜ

ቤት የገባነው ሳይመሽ ነው። በነጋታው እሑድ የጋሽ ተሰማ በር ሳላንኳኳው ተከፈተ፤ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ቆመው ነበር የሚጠብቁኝ። ዘነቡ ከመዝሙር በፊት መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። እናቷ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ሦስት ጊዜ አስደገሟት አለችን፤ ካርዱ ሊያልቅ ነው ብላ ፈርታ ነበር። ከዚያ ጎረቤቶቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ፣ ተነሡ፣ ኑ ስሙ እያሉ ስልኩን ለሰው ሁሉ ሰጡ። ዘነቡ ሙሉ ነበር የሚለውን ለስድስት ሰው ደግማ ተናገረች። በመጨረሻ እናቷ መልሰው ስልኩን ያዙና፣ ልጄን አይመልስልኝም፣ ግን ሰው አድርጎኛል፣ ድንጋዩን አውርጂለት አሉ።

እኔ ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ሚስስ አግነስ ያልጻፉትን ምዕራፍ ለምን እንዳልጻፉ ገብቶኛል። ያን ይቅርታ በልብ ወለድ ጨርሰውት ቢሆን ኖሮ ጋሽ ተሰማ መጽሐፉን ዘግተው እፎይ ይሉ ነበር፤ የዘነቡ እናትም እስከ ሞታቸው እንደ እብድ ይታዩ ነበር። ሦስት ስሕተታቸውን በእርሳስ የጻፉት እኒያ አሮጊት እጅ ይባረክ።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስወጣ ዘነቡ ጋ ጎራ ብዬ ነበር። ሰሞኑን ሞቋል፤ ቤቷ አየር የለውም። ድንጋዩን ከደፉ ላይ አድርጋ በሩን ከፍታበታለች።